ደሴ ላይ የሶላር ውሃ ማሞቂያ ቱቦ በውርጭ ፈነዳ፦ ወፍራም ቱቦ ይግባ ወይስ ሌላ መላ አለ?

ጦሳ ግርጌ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ቤት ጣሪያ ላይ ባለ መስታወት ጠፍጣፋ የሶላር ውሃ ማሞቂያ አለ። ታንከሩ ከሶላሩ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፣ ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ይዞራል። ከታንከሩ ወደ ሶላሩ ታችኛ አግዳሚ ቱቦ በሚወርደው መስመር ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ገብቷል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከቋሚዎቹ የመዳብ ቱቦዎች አንዱ (15 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 0.7 ሚሊ ሜትር) ከታችኛው አግዳሚ ጋር ከተበየደበት 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀደደ። ቅዳዱ በቱቦው ቁመት የሄደ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ከንፈሩ እንደ ምላጭ ሳስቶ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ግራ የገባኝ፣ በረንዳ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ሌሊቱን ከ3 ዲግሪ በታች አልወረደም። ታዲያ ውሃው እንዴት በረዶ ሆነ? ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር የሆነ መዳብ ወይም ፒፒአር (የፕላስቲክ ቱቦ) ባስገባ ይሻላል?

ብረትና ውሃ
ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የለካው ግን የበረንዳውን አየር ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት የሶላሩ መስታወት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ 5 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ከሥሩ ያለውንም ጥቁር ሰሌዳ ይዞት ይወርዳል። አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ ሳለ ማለዳ ሣሩና የመኪናው መስታወት ላይ አመዳይ የምናየው በዚሁ ምክንያት ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ይህ ደጋግሞ ይመጣል።

አሁን ወደ ቅዳዱ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው በረዶው ቱቦውን ወደ ጎን ገፍቶ የሚቀደው ይመስለዋል። በረዶ ግን ከቱቦው ግድግዳ ጀምሮ ወደ መሃል ነው የሚያድገው፣ መሃሉ ክፍት እስከሆነ ድረስ ትርፉ ውሃ በቁመት ይሸሻል፣ ግፊትም አይፈጠርም። ችግሩ የሚጀምረው የቋሚዎቹ ወገብ በበረዶ ሲደፈንና ከሥሩ ያለው ውሃ መሸሻ ሲያጣ ነው። አንተ ጋ ከላይ በረዶ፣ ከታች ቼክ ቫልቭ አለ። በረዶው ወደ ታች ባደገ ቁጥር የታሰረውን ውሃ ይጨምቀዋል። በ1 ዲግሪ ከዜሮ በታች ግፊቱ እስከ 13 ሜጋ ፓስካል መድረስ ይችላል፣ 130 ባር ማለት ነው። ስለዚህ ቱቦህ የተቀደደው በረዶ ባለበት ሳይሆን ገና ፈሳሽ ውሃ ባለበት ቦታ ሳይሆን አይቀርም።

የግድግዳው ስትሬስ (ብረቱን የሚወጥረው ጫና) ስሌቱ ቀላል ነው፦ ግፊት ሲባዛ በዲያሜትር፣ ሲካፈል ለሁለት እጥፍ ውፍረት። 13 × 15 ÷ 1.4 ወደ 140 ሜጋ ፓስካል ይሰጣል። በብየዳ እሳት የለሰለሰ መዳብ ደግሞ 70 ሳይሞላ መለጠጥ ይጀምራል፤ ብየዳው አጠገብ ተነፍቶ፣ ሳስቶ የተቀደደው ለዚህ ነው። ቅዳዱ በቁመት የሄደው ደግሞ ዙሪያውን የሚወጥረው ስትሬስ በቁመቱ ካለው እጥፍ ስለሆነ ነው። ግድግዳውን 1 ሚሊ ሜትር ብታደርገው ስትሬሱ ወደ 100 ይወርዳል፣ ያም ይቀደዳል። ገንዘብህን ወፍራም ቱቦ ላይ አታፍስስ።

የቧንቧ ባለሙያ
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ፒፒአርም አይሆንም፦ ለሶላር ሰሌዳ ሙቀት አይመጥንም፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ይሰባበራል።

መጀመሪያ ቼክ ቫልቩን አውጣው። የገባው ሌሊት ሙቁ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይዞር ይሆናል፤ ለዚያ የታንከሩ ሥር ከሶላሩ አናት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ይበቃል። ቫልቩ ከወጣ የሚገፋው ውሃ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ቀጥሎ ታችኛው አግዳሚ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ማፍሰሻ ቧንቧ፣ የላይኛው አግዳሚ ከፍተኛ ጫፍ ላይ ደግሞ አየር ማስገቢያ ግጠም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ታንከሩን ዘግተው የታችኛውን ብቻ ይከፍቱና ትንሽ ሲፈስ አለቀ ይላሉ። አየር ከላይ ካልገባ ውሃው ቋሚዎቹ ውስጥ እንደተንጠለጠለ ያድራል። አግዳሚዎቹም በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያዘንብሉ።

ማፍሰስ የማይመች ከሆነ ማታ መስታወቱን በሸራ መሸፈን በእውነት ይረዳል። የቱቦ ፎም ግን መስታወቱ ሥር ላለው ክፍል ምንም አያደርግም። ፕሮፒሊን ግላይኮል (ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚቀላቀል ፈሳሽ፤ 30 በመቶው እስከ 13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይይዛል) የሚሆነው ሙቀት መለዋወጫ ላለው ዝግ ዑደት ብቻ ነው። የአንተ ውሃ እዚያው ሻወር ላይ የሚወርድ ከሆነ አትሞክረው።

ኮምቦልቻ ሲቪል
በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። የበረዶ ጥንካሬ አንዱ መጽሐፍ 1 ሜጋ ፓስካል፣ ሌላው 20 ይላል። የትኛውን ልያዝ? ላብራቶሪ ውስጥ በኮንክሪት መጭመቂያው መሞከርስ ይቻላል?

ብረትና ውሃ
ሁለቱም ልክ ናቸው። በመሳብ 1 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በመጨመቅ፣ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ከ5 እስከ 25። በረዶ ሁሌም መቅለጫው አፋፍ ላይ ያለ ቁስ ነው፦ በ10 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንኳ ከመቅለጫው ፍጹማዊ ሙቀት (በኬልቪን ሲለካ) 96 በመቶ ላይ ነው። ብረትን በዚህ ደረጃ ብታስበው ከ1,400 ዲግሪ በላይ የጋለ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ብለህ ስትጫነው ይፈስሳል፤ ጭነቱን እጥፍ ብታደርገው ፍሰቱ 8 እጥፍ ይፈጥናል። በፍጥነት ስትመታው ግን እንደ መስታወት ይሰበራል። መሐንዲሶች መሳብ ላይ ያለውን ድክመቱን ይጠቀሙበታል። ካናዳ ውስጥ በ1997 የተከፈተው የኮንፌደሬሽን ድልድይ ምሰሶዎች የውሃው ወለል ላይ እንደ ሾጣጣ የተሠሩት የሚመጣው በረዶ ተዳፋቱን ወጥቶ ጎብጦ እንዲሰበር ነው። ቀጥ ያለ ምሰሶ ቢሆን በረዶው መጨፍለቅ ነበረበት፣ ለዚያ ደግሞ እጅግ የበለጠ ኃይል ያስፈልጋል።

ሙከራው ይቻላል። የፈላ ውሃ አቀዝቅዘህ ተጠቀም፣ አየሩ ይወጣል። ሻጋታው 100 በ200 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አፉ ክፍት ፕላስቲክ ይሁን፣ ጎኑን በፎም ጠቅልለው። ዙሪያውን በአንዴ ከረጋ መሃሉ ነጭ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ውጤቱም ዋጋ የለውም። ፍጥነቱን በሴኮንድ 0.2 ሚሊ ሜትር ያዝና መዝግበው፤ ፍጥነትና ሙቀት ያልተጻፈበት የበረዶ ጥንካሬ ምንም አይነግርም። የመጭመቂያው ሰሌዳዎችም ፍሪዘር ውስጥ ይደሩ፣ አለዚያ የናሙናው ጫፍ ይቀልጥና የምትለካው ውሃ ላይ የሚንሸራተት በረዶ ይሆናል።

የቧንቧ ባለሙያ
ጦሳ ግርጌ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። ማለዳ ቱቦው ውስጥ ውሃው በረዶ ሆኖ ካገኘኸው በእሳት አትንካው። ከክፍቱ ጫፍ፣ ማለትም ከማፍሰሻው በኩል፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እየጠቀለልክ ወደ ላይ ሂድ። ከመሃል ከጀመርክ የቀለጠው ውሃ በሁለት በረዶ መካከል ይታሰራል፣ እሳት ሲጨመርበት ደግሞ እንፋሎት ይሆናል።