ወንድሜ ከፈረስ ጋር ሲሆን ይረጋጋል፤ ይህ ሕክምና ሊሆን ይችላል?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ጦርነት የነበረበት ቦታ ቆይቶ ባሕር ዳር እኔ ጋ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። በር ድንገት ከተዘጋ ይደነብራል። ምን እንደደረሰበት ስጠይቀው መልሱ «ተይኝ» ነው። ጎረቤታችን ጋሪ ነጂ ናቸው። ማታ ፈረሳቸውን ሲፈቱ ይሄድና አንገቱን ያሻሸዋል። ያን ጊዜ የተሰቀለው ትከሻው ዝቅ ሲል አየዋለሁ። ውጭ አገር በፈረስ የሚታገዝ የሥነ ልቦና ሕክምና አለ ይባላል። እንዴት ነው የሚሠራው?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ትከሻውን ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው።

ፈረስ በዱር ዘመኑ የሚታደን እንስሳ ነበር። ስለዚህ ትንፋሽንና አቋቋምን ቶሎ ያስተውላል። ትራውማ፣ ማለትም ከባድ ነገር ደርሶበት ድንጋጤው ያልለቀቀው ሰው፣ አፉ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ሰውነቱ ግን ዘብ እንደቆመ ነው። እንደዚያ ሆኖ ሲጠጋው ፈረሱ ጆሮውን ያቀናል፣ ወይም ፈቀቅ ይላል። ባለሙያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «አሁን ሲርቅህ ምን ተሰማህ? ትንፋሽህስ?» ይለዋል። ሰውየው ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ፈረሱም ሲለሰልስ በዓይኑ ያያል። ያለፈውን ሁሉ ዘርዝር የሚለው የለም፤ ለዝምተኛ ሰው የሚቀለውም ለዚህ ነው።

በዚህ ሕክምና ብዙ ጊዜ ግልቢያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ኢጋላ የተባለ ማኅበር በሚከተለው አሠራር፣ ሥራው ሁሉ መሬት ላይ ተቁሞ ነው። አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያና አንድ ፈረስ አዋቂ አብረው ይገኛሉ።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ63 የቀድሞ ወታደሮች ላይ ያካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። በሳምንት አንዴ፣ ለ8 ሳምንት ነበር። ግማሽ ያህሉ በግልጽ ተሻሽለዋል። ነገር ግን ለማነጻጸር ሌላ ቡድን አልነበረም፤ ስለዚህ ያሻላቸው ፈረሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ዋናው ሕክምና አሁንም ትራውማ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ነው።

እኛ ከተማ ቢጀመር ምኞቴ ነው። ከዚህ እስከ አዊ ፈረስ አዋቂ ሞልቷል። እስከዚያው ከፈረሱ አትከልክይው፤ ወደ ሐኪም ግን አምጪው።

የእንጅባራ ሰው፦
እኔ ያደግኩት ከፈረስ ጋር ነው። ከኋላ አይጠጋው፤ በግራ ትከሻው በኩል፣ ድምፁን እያሰማ ይምጣ። ጋሪ ሲጎትት የዋለ ፈረስ ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍ፤ ከዚያ ይንካው። ጫንቃው ላይ ቁስል ካለ እዚያ አያሻሸው፣ ይራገጣል። ደግሞ ደስ ይበለው ብለሽ ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል እንዳታመጪው። ግልቢያው፣ ሆታው፣ ሕዝቡ ለእሱ ገና ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ግን «አብጃለሁ እንዴ?» ይለኛል። ምን ብዬ ላምጣው?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
ስለ እንቅልፉ ብለሽ አምጪው። እሱን ራሱም አይክድም። የደረሰበትን እንዲነግርሽ አታስጨንቂው። ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያኔውኑ ይዘሽው ነይ።