ታናሽ እህቴ ገና እያደገች ነፍሰ ጡር ሆነች፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም እህት ወንድሞች። የምጽፈው ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ታናሽ እህቴ 16 ዓመቷ ነው፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናታችን ስላረፈች ያለኋት እኔ ነኝ።

ያስጨነቀኝ እድገቷ ነው። በየእንቁጣጣሹ በሩ መቃን ላይ ቁመቷን በእርሳስ እናሰምራለን። ባለፈው ሳምንት ስለካት ከዘንድሮው መስመር ትንሽ ዝቅ ብላ አገኘኋት፤ ደነገጥኩ። አዋላጇ ነርስ በእርግዝና አከርካሪ ስለሚጫን ቁመት የቀነሰ ሊመስል ይችላል፣ እድገቷ ቆሟል ማለት አይደለም አለችኝ። ግን የአጥንትን የእድገት ጫፍ የሚዘጋው ኢስትሮጅን ነው፤ በእርግዝና ደግሞ ይህ ሆርሞን እጅግ ይጨምራል። ታዲያ ቁመቷ እዚሁ ሊቀር ነው?

ራሷ እያደገች ያለች እናት ምግቡን ከፅንሱ ጋር ስለምትሻማ፣ ክብደት ብትጨምር እንኳ ሕፃኑ ሊያንስ እንደሚችልም አንብቤያለሁ። እሷ ደግሞ በዚህ የድሬ ሙቀት ምግብ አይወርድላትም። ጠዋት ፓፓያ እቆርጥላታለሁ፤ ሁለት ቁራጭ በልታ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች። የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒኗን በሻይ ስትውጥ ደርሼባት አስቁሜያታለሁ፤ ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። አሁን በውሃ ነው የምትወስደው።

በዚህ ዕድሜ የወለዳችሁ ወይም አዋላጅ የሆናችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። ካልሲየሙን በምን ላሟላላት? የግመል ወተት በቀላሉ አገኛለሁ፤ አፍልቼ ልስጣት? የዳሌ አጥንት ከቁመት ዘግይቶ ነው የሚሞላው፤ ጠቦ ምጡን እንዳያከብድባት እሰጋለሁ። የት መውለድ እንዳለባት ሐኪሙን በስንተኛው ወር ልጠይቅ? ማታ ማታ እጄን ይዛ «አብረሽኝ ትገቢያለሽ አይደል?» ትለኛለች።