አይጥ ላይ የሠራ የጉልበት መድኃኒት ለእናቴ ይደርስላታል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) አለባቸው ተባለ። ቅዳሴ ቆማ ማስቀደስ ካቃታት ሁለት ዓመት ሆነ። «የአይጥ ጉልበት ዳነ» የሚል ዜና አንብቤላት ነበር፤ አሁን በደወልኩ ቁጥር «መድኃኒቱ መጣ ወይ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

መልስ፦
ወንድሜ፣ አይጥ በአራት እግሩ ነው የሚሄድ፤ ብዙ ተስፋ አትስጣት።

መልስ፦
እኔ ስዊድን ውስጥ ይህንኑ የአይጥ ጉልበት ምርምር ነው የምሠራው፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የ10 ሳምንት ወንድ አይጥ አደነዝዝና፣ ጉልበቱ እንዲታመም ሜኒስከስን (በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ) ከታችኛው አጥንት ጋር የያዘችውን ቀጭን ጅማት በማይክሮስኮፕ እያየሁ እቆርጣለሁ። የሌላውን አይጥ ጉልበት ከፍቼ ሳልቆርጥ እሰፋዋለሁ፤ ማነጻጸሪያ ነው። ከ8 ሳምንት በኋላ ልም አጥንቱን (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ክፍል) በስሱ ቆርጠን በሳፍራኒን ቀይ ቀለም እንነክረዋለን። ቀይነቱ የጠፋበትና የተሰነጠቀው ተበላሽቷል፤ ከ0 (ደህና) እስከ 6 (በጣም የተጎዳ) ነጥብ እንሰጣለን።

ወንድ የምንመርጠው ሴቶቹ በዚህ ቀዶ ጥገና ብዙም ስለማይታመሙ ነው። ይሄ ሁሌ ይከነክነኛል፤ በሰው ዘንድ ከ50 ዓመት በኋላ ይበልጥ የሚታመሙት እንደ እናትህ ያሉ ሴቶች ናቸውና።

አንድ ነገር ልንገርህ። በ2005 እ.ኤ.አ. አዳምትስ-5 የሚባል ልም አጥንት የሚበላ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ጅማታቸው ተቆርጦም ጉልበታቸው እምብዛም እንዳልተጎዳ ታየ። ተመራማሪዎች ተደሰቱ። ኢንዛይሙን የሚያግድ እንክብል ተሠርቶ ከ900 በላይ ሕሙማን ላይ ለአንድ ዓመት ተሞከረ። በ2020 ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒት ከሌለው እንክብል አልተሻለም።

ዜናውን እንደገና እየው፦ አይጦቹ ስንት ዕድሜያቸው ነው? መድኃኒቱስ መቼ ተጀመረላቸው?

ጠያቂው፦
አየሁት። ወንድ፣ የ10 ሳምንት። መድኃኒቱ ከቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ቀን ነው የተጀመረው።

መልስ፦
በሦስተኛው ቀን ልም አጥንቱ ገና ደህና ነው። ያ መከላከል ነው፤ የእናትህ ጉልበት ደግሞ ለዓመታት ሲበላ ኖሯል። «ገና አልመጣም» በላት፣ አትዋሻት። እስከዚያው ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ውሰዳት፤ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሕመሙን እንደሚቀንስ በሰው ላይ የተረጋገጠ ነው። የኔም እናት ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን እያነሳች ትሠራዋለች፤ ስደውልላት ስንት ጊዜ እንዳነሳች ነው መጀመሪያ የምትነግረኝ።