ለካላላው ጉዞ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቅና የአባላት አስተያየት

ከጉዞ አስተባባሪው፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በሃዋይ ካዋይ ደሴት፣ በና ፓሊ ዳርቻ ልናደርገው ላሰብነው የእግር ጉዞ ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርበው ረቂቅ የሚከተለው ነው። መንገዱ ከኬኤ ዳርቻ ተነሥቶ የገደሉን ወገብ እየታከከ እስከ ካላላው ዳርቻ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ መመለሻውም በዚያው ነው። ሦስት ሌሊት በድንኳን እንድናድር ታስቧል። ከሃናካፒአይ ሸለቆ ለሚያልፍ ሁሉ ፈቃድ ግዴታ ሲሆን፣ ከሃዋይ ውጭ የመጣ ሰው በሌሊት 35 ዶላር ይከፍላል። ፈቃዱ ከጉዞው ቀን 90 ቀን ቀደም ብሎ ተለቅቆ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ የተጓዦች ስም አስቀድሞ ይጠናቀቅ።

ከአንዲት አባል፦
ረቂቁን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ሦስት ሌሊት አይበቃም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ወንዞቹ ናቸው። የሃናካፒአይን ወንዝ የምንሻገረው ያለ ድልድይ በእግራችን ስለሆነ፣ እኛ ያለንበት ፀሐይ ሆኖ ሳለ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣብን ይችላል። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2018 በዚሁ የደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቦ፣ መንገዱ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር። ደራሽ የወሰደውን ሰው ወሬ በሀገር ቤት ሳይሰማ ያደገ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ውኃው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ መያዝ ሲጀምር ወይም ከጉልበት ሲያልፍ ማንም እንዳይሻገር፣ አንድ ሰው እንኳ «እፈራለሁ» ቢል ሁሉም እንዲጠብቅ በጽሑፍ ይግባልን። አውሮፕላን እንዳያመልጠው ብሎ ወደ ሙላት የሚገባ ሰው እንዳይኖር አራተኛ ሌሊት ይጨመር፤ የመመለሻ ትኬቱም በዚያው ልክ ይቆረጥ።

ከጤና ተጠሪው፦
በሐሳቧ እስማማለሁ። የጅረቱ ውኃ ንጹሕ ቢመስልም ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን፣ በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ስለሚችል ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣ። በሃናካፒአይ ዳርቻ ብዙ ሰው በማዕበል ስለሞተ ዋናም ይከልከል።

ከጉዞ አስተባባሪው፦
ነጥቦቹን ሁሉ በረቂቁ አስገብቻለሁ፤ በአራቱ ሌሊት የፈቃዱ ወጪ ለአንድ ሰው 140 ዶላር ይሆናል። ከ11ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው ጠባብ የገደል መተላለፊያ ለሚከብዳቸው አባላት፣ እስከ ሃናካፒአይ ደርሶ በዕለቱ የሚመለስ ቡድን እንዲኖር ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ወደ መንገዱ መነሻ ለመግባት አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግን ለእነርሱም ያስፈልጋል። ይህን ቡድን የሚመራ ፈቃደኛ አባል እስከ እሑድ ያሳውቀኝ።