የወፍ ጫጩት ጓሮዬ ወድቃለች፣ ምን ላብላት? አስቸኳይ!

ሚሚ_ሜሪላንድ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ከሥራ ስገባ የወፍ ጫጩት ሣር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አትበርም። ጎጆው ዛፉ ላይ ይታየኛል፣ ግን አልደርስበትም። ሁለት ትልልቅ ወፎች እየተንጫጩ አናቴ ላይ ይወረወራሉ። የጎረቤት ድመት አጥሩ ላይ ጉብ ብላለች። ካርቶን ውስጥ ላስገባት ነው። ወተት ልስጣት ወይስ እንጀራ ላርጥብላት?

ሸገር_ልጅ፦ እንጀራው የጤፍ ከሆነ ወደ እኔ ላኪው 😂

ኮከብ፦ ወተት በጭራሽ! ለወፍ ሆድ አይሆንም። ውሃም አፏ ውስጥ እንዳታንጠባጥቢ፣ ትን ይላታል። መጀመሪያ ላባ አላት ወይ?

ጋሽ_መምህር፦ ልጄ፣ እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣ የፍልሰተኛ አእዋፍ ሕግ አለ። የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ ቤት ማቆየት ክልክል ነው። ከአውሮፓ የመጣው ስታርሊንግ የሚባለው ወፍ ግን ሕጉ ውስጥ የለም። እሱን በ1890 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለቀውት...

ሸገር_ልጅ፦ ጋሼ፣ ታሪኩ እስኪያልቅ ድመቷ ትጨርሳታለች!

ሚሚ_ሜሪላንድ፦ ላባማ አላት። ጭራዋ አጭር ነው። ደረቷ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት።

አባ_ወፎ፦ ታዲያ ወድቃለች ያለሽ ማነው? ሮቢን ናት፣ ራሷ ነው የወረደችው። በተፈለፈሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ሳይበሩ ከጎጆ ይወጣሉ። መሬት ለመሬት እየዘለሉ ክንፍ ያጠነክራሉ። የሚንጫጩብሽ ወላጆቿ ናቸው። እናትየው ለሚቀጥለው እንቁላል ስትሰናዳ ብዙ ጊዜ አባትየው ነው ትል እየለቀመ የሚያጎርሳቸው። አንቺ እዚያ እስከቆምሽ ድረስ ግን አይጠጉም።

ትግስት_ቨርጂኒያ፦ ጎጆዋ ላይ መልሻት በቃ።

አባ_ወፎ፦ ላባ ካወጣች በኋላ ብትመልሻትም ዘላ ትወርዳለች። እሱ ላባ ላላወጣች ነው። ድመቷን አባሪና ጫጩቷን እዚያው አጠገብ ቁጥቋጦ ሥር አድርጊያት። ከዚያ ቤት ግቢና በመስኮት እዪ።

ትግስት_ቨርጂኒያ፦ የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትተዋታለች ይባላል እኮ!

ኮከብ፦ የልጅነት ማስፈራሪያ ነው። በሰው ጠረን የተነሳ ልጇን አትጥልም። ሚሚ፣ ድመቷ ነክሳት ከነበረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁስሉ ባይታይም የድመት ምራቅ ወፍ ይገድላል። ያኔ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ አድርጊና የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ጋ ዛሬውኑ ደውዪ። ምንም አታብያት።

ሊያ_ዳላስ፦ ጎጆዋ ላይ ብትመለስ አይሻልም?

ሸገር_ልጅ፦ ኧረ ሊያ፣ ከላይ አንብቢ! ሚሚስ የት ገባች? ድመቷ ምን ሆነች?

ሊያ_ዳላስ፦ ይቅርታ ልግባና፣ እኔ ደግሞ በረንዳ ላይ የሰቀልኩት አበባ ውስጥ ትንሽ ወፍ እንቁላል ጥላለች። አበባው ውሃ ጠምቶታል። ምን ላድርግ?

አባ_ወፎ፦ እሷ ስትነሳ ጠብቂና ዳር ዳሩን በቀስታ አጠጪ። ጎጆው እንዳይርስ። ማሰሮውንም ከቦታው አታንቀሳቅሺ።