አምቡ ባጉ አየር አያስገባም፤ ቫልቩን የምታውቁ እርዱን

ጅማ ባለ ጤና ጣቢያ ለአዋላጆችና ለነርሶች፣ ሲወለድ መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን የማገዝ ልምምድ በየሳምንቱ እናካሂዳለን። አንዴ ሠልጥኖ ያልተደጋገመ ክህሎት ቶሎ ይጠፋል። አሁን ግን አምቡ ባጉን፣ ማለትም በማስክ በኩል አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባውን በእጅ የሚጨመቅ ባግ፣ ስንጨምቅ የማለማመጃው አሻንጉሊት ደረት አይነሳም።

ማስኩን አገጭን፣ አፍንና አፍንጫን ይዞ ዓይን ሳይነካ አስተካከልን። አንገቱን በጥቂቱ ቀና አደረግን፤ ከልክ በላይ ከታጠፈ የአየር መንገዱ ይዘጋልና። አፉን ከፈት አድርገን ጠበቅ አድርገን ጨመቅን። ለውጥ የለም።

ማስኩን በመዳፍ ደፍነን ስንጨምቅ ደግሞ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ድምፅ ማሰማት ሲገባው ዝም ይላል፤ ባጉም እጅን ሳይቋቋም ይሟሽሻል። ስለዚህ ችግሩ ከአያያዝ ሳይሆን ከዕቃው ነው። ጥርጣሬያችን፣ ለጽዳት ተፈታቶ ሲገጣጠም ስሷ የጎማ ቫልቭ ተገልብጣ ወይም ተጣጥፋ መግባቷ ላይ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ውስጥ አየር ማግኘት ስላለበት ይህን ባግ ከማዋለጃ ክፍሉ አውጥተነዋል።

ቫልቯ በየትኛው ፊቷ ወደ ባጉ ትዞራለች? ከተቀደደች ለብቻዋ ትገዛለች ወይስ ባጉ በሙሉ ይቀየራል? ጅማ ውስጥ ይህን የሚያይ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ብትጠቁሙንም ትልቅ ውለታ ነው። በተጨማሪም እዚያው ሥራ ቦታ የሚደረግ አጭር ልምምድ ለሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ እንዲያዝ ያስደረጋችሁ ካላችሁ፣ የተጠየቃችሁትን ሰነድ ንገሩን።