አስቸኳይ! ፕሮንቶሲል ቴስት ቲዩብ ውስጥ አይሠራም፣ አይጥ ግን ያድናል፤ የትኛውን ላጥፋ?

ፋርማ_3ኛ_ዓመት፦ ወገኖች ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ስለ ጀርመናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ጌርሃርት ዶማክ የምርምር ሕይወት አቀርባለሁ። መምህራችን ስላይዱን አሁን ማታ መለሰልኝ፤ «እርስ በርሱ ይጋጫል፣ አስተካክዪ» ይላል። አንዱ መስመር ፕሮንቶሲል (ዶማክ በመድኃኒትነት የሞከረው ቀይ ቀለም) ቴስት ቲዩብ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ አይነካም፣ ቀጣዩ አይጦቹን ከሞት አተረፈ ይላል። ኖቤሉም አንድ ቦታ 1939፣ ሌላ ቦታ 1947 ነው። ዳታዬ እያለቀ ነው፣ አጭር መልስ ብቻ!

ቡና_ጠጡ፦ የመጀመሪያውን መስመር አጥፊውና ተኚ። መድኃኒት ነው ካልሽ ባክቴሪያ መግደል አለበት።

ጋሽ_ማይክሮስኮፕ፦ ልጄ፣ አጭር መልስ እዚህ አይሆንም። ዶማክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ራሱ ቆስሎ፣ ከዚያ በምሥራቁ ግንባር በሕክምና ክፍል ያገለገለ ሰው ነው። ቁስለኛው ከቀዶ ሕክምናው ተርፎ በኢንፌክሽን ሲያልቅ አይቷል። በ1921 ከኪል ዩኒቨርሲቲ በሐኪምነት ተመረቀ። ግራይፍስቫልት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያጠናው የሰውነት ሴሎች ባክቴሪያን እንዴት ውጠው እንደሚያጠፉ ነበር። ይህን ካልያዝሽ ቀሪው አይገባሽም፤ ለእሱ ሕመም ማለት ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያውና ሰውነቱ የሚያደርጉት ትግል ነው። በ1927 ኤልበርፌልት ወደሚገኘው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ ኢ.ገ. ፋርበን ላቦራቶሪ ሲገባ ኬሚስቶቹ የሠሯቸውን ማቅለሚያ ቀለሞች በሕይወት ባለ አይጥ ላይ የሞከረው ለዚህ ነው። በታኅሣሥ 1932 ገዳይ ስትሬፕቶኮከስ ከተወጉት አይጦች ቀዩ ቀለም፣ ማለትም ፕሮንቶሲል፣ ያልተሰጣቸው ሲያልቁ የተሰጣቸው ተረፉ። በቴስት ቲዩብ ብቻ የሚፈርድ ቢሆን ኖሮ ያን ቀለም ይጥለው ነበር! ውጤቱን ያሳተመው በ1935 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኬሚስቱ፦ እኔ በርእሱም አልስማማም። ቀለሙን የሠሩት ክላረርና ሚች ናቸው፤ ኬሚስቶቹ ሁልጊዜ ይረሳሉ። ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ለምን የፔኒሲሊኑን አግኚ ፍሌሚንግን አትወስጂም?

ጋሽ_ማይክሮስኮፕ፦ ስማቸው ይግባ፣ ልክ ነህ። ግን ፔኒሲሊን ለሕመምተኛ በሰፊው ከመድረሱ በፊት በእነዚያ ዓመታት ሰው ያተረፉት ሰልፋዎች (ፕሮንቶሲልና መሰሎቹ) ናቸው።

ሰማያዊ_ጋውን፦ ሃሃ፣ ቴስት ቲዩብ እኮ አንጀትና ጉበት የለውም! መልሱ ይኸው ነው። ፕሮንቶሲል በራሱ ባክቴሪያ አይነካም። ሰውነት ውስጥ «አዞ» (azo) የሚባለው የሁለት ናይትሮጅን ትስስሩ ሲበጠስ ሰልፋኒላማይድ ይወጣል፤ የሚሠራው እሱ ነው። ይህን በ1935 ያሳዩት ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ያሉት ባልና ሚስት ትሬፉኤል፣ ቦቬና ኒቲ ናቸው። ሁለቱም መስመር ይቆይ፣ መሐላቸው «ፕሮድረግ» (ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚሠራ መድኃኒት) ብለሽ ጻፊ።

ቡና_ጠጡ፦ አሁንም እላለሁ፣ የመጀመሪያውን አጥፊው፣ ይቀልልሻል።

ሰማያዊ_ጋውን፦ እንዳታጠፊ! የሥራው ዋና ነገር እሱ ነው።

ፋርማ_3ኛ_ዓመት፦ እግዜር ይስጥልኝ! ኖቤሉስ? ሰልፋኒላማይዱ ባክቴሪያውን ምን ያደርገዋል ብለው ቢጠይቁኝስ?

ሰማያዊ_ጋውን፦ አይገድልም፣ እንዳይራባ ያግደዋል። ባክቴሪያው ለመራባት የሚያስፈልገውን ፎሊክ አሲድ (ፎሌት) የሚሠራው ፓባ (PABA) ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ሰልፋው ፓባን ስለሚመስል ኤንዛይሙን ይይዝበታል። እኛ ፎሌትን ከምግብ ስለምናገኝ አንጎዳም።

ሲስተር_ከጎንደር፦ አይዞሽ የኔ እህት። ኖቤሉ የ1939 ነው። የናዚ ተቃዋሚው ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ኦሲየትስኪ የሰላም ኖቤል ካገኘ በኋላ ሂትለር ጀርመኖች እንዳይቀበሉ ከልክሎ ነበር፤ ዶማክን የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ አሰረው፣ እምቢታውንም ፈረመ። ሜዳሊያውንና ዲፕሎማውን በ1947 ወሰደ፣ ገንዘቡ ግን አልተሰጠውም። ሌላም ጨምሪ፦ በ1935 መጨረሻ የገዛ ልጁ እጇን መርፌ ወግቷት መርዞባት፣ ክንዷ ይቆረጥ ሲባል በፕሮንቶሲል ነው ያዳናት። እኛም ጤና ጣቢያ ኤችአይቪ ላለባቸው ለመከላከያ የምንሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ሰልፋ ነው። ተማሪዎቹ መድኃኒቱን ስለሚያውቁት ከዚያ ብትጀምሪ ይሰሙሻል።

ኬሚስቱ፦ ሰልፋኒላማይድን ገና በ1908 የሠራው ጌልሞ የሚባል ኬሚስት ነው፤ ለዚህ ነው የፓሪሱ ግኝት እንደወጣ ማንም ፋብሪካ ማምረት የቻለው። በ1937 አሜሪካ አንድ ኩባንያ ዳይኤቲሊን ግላይኮል በሚባል መርዛማ ፈሳሽ አሟሟው፣ ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ የ1938ቱ የመድኃኒት ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፋርማሲ ስለሆንሽ መምህሩ ይህን ሳይጠይቅሽ አይቀርም፣ አንድ ስላይድ ያዢለት።